በር ላይ የለካችኝ ነርስ

አዋሳ፣ ጥር 20 ቀን 1975 ዓ.ም.

ወዳጄ ሽበሺ፣ ናዝሬት እንዴት ናት?

እዚህ ሐይቅ ዳር ባለ የቀበሌ አዳራሽ ጠዋት ጠዋት ስፖርት ይሠራል። እኔም የድሮ በረኛነቴን ላሳይ ብዬ ካኔቴራዬን ለብሼ ሄድኩ። በሩ ላይ ታቢታ የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ ተቀምጣ የደም ግፊት ሳትለካ ማንንም አታስገባም። የእኔን ሁለቴ ለካችው።

"ጋሼ፣ እርስዎ ዛሬ አይዘሉም" አለችኝ።

"ኧረ ምንም አላመመኝም!"

"እኔንም ያስፈራኝ እሱ ነው" ብላ ለሐኪሙ ወረቀት ጻፈችልኝ።

መድኃኒት ጀመርኩ። አሰልጣኙ አምሳሉም የሐኪሙን ትእዛዝ አንብቦ ከእትዬ ብርቅዬ ጋር በእርጋታ እንድራመድ መደበኝ። እሳቸው አምና ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው የነበሩ አሮጊት ናቸው። አፍሬ አንገቴን ደፍቼ ስከተላቸው ዞር ብለው "አይዞህ ልጄ፣ እኔም መጀመሪያ የመጣሁት በሰው ተደግፌ ነው" አሉኝ። ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው፤ ግፊቴም ቀንሷል።

እኛ ናዝሬት ግን ሐኪም የሚጠራው ሰው ሜዳ ላይ ከወደቀ በኋላ ነው። አባቴ በአርባ አምስት ዓመቱ በድንገት ወድቆ ሲቀር አንተም ነበርክ። እኔ ዘንድሮ አርባ አምስቴን ያዝኩ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ሙሉመቤትንና ልጆቹን ሳምልኝ። አንተም ያ የማይለቅህን ራስ ምታት በአስፕሪን አታባብለው፤ ነገውኑ ሄደህ ተለካ። እምቢ ካልክ ቅዳሜ ስመጣ እጅህን ይዤ እወስድሃለሁ።

ወዳጅህ ደረሰ