ፍሪጁና የአክስቴ አሳማ

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3

ወደቡ ላይ ዓሣ የምትገዛ ሴት ለጓደኛዋ፣ "የመምህር ሴሚሲ ቤት መብራት ጠፍቶ አያውቅም" ስትል ስለ እኔ ሰማሁ። ሙገሳ መሰለኝ። አክስቴ ፉሲም ሰምተው ኖሮ መረጃ አድርገው ያዙት። ከሰዓት በኋላ የታረደ አሳማ በጋሪ አስጭነው መጡ።

"አንተ ልጅ፣ ባዶ ፍሪዘር ገዝተህ ገትረሃል አሉ።"

"አዎ አክስቴ..."

"የቤተክርስቲያኑ ስብሰባ በወሩ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ይቀመጥልኝ።"

"ደስ ይለኛል" አልኩ።

ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ መደመር አውቃለሁ። ግን የአባቴ እህት ናቸው። በእኛ በቶንጋዎች ዘንድ ለአባት እህት እምቢ የሚል ምላስ ገና አልተፈጠረም።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

ደመና። የጣሪያዬ ሶላር ፀሐይ ካለ ትንሹን ፍሪጅም ትልቁን ፍሪዘርም ይችላል፤ ካልሆነ አንዱን ብቻ። ትንሹ ፍሪጅ ውስጥ የባለቤቴ የላቪኒያ ኢንሱሊን አለ። ጀልባው እስኪመጣ፣ እስከ 15፣ ያለን እሱ ብቻ ነው። ትልቁ ውስጥ አሳማ አለ። የትኛው ይነቀል? ለሌላ ሰው ቀላል ጥያቄ ነው።

ለላቪኒያም ነገርኳት። "ሁለቱን አይችልም።"

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 5

ትንበያው ሳምንቱን ሙሉ ደመና ነው ይላል። ባትሪው 41 በመቶ። ሬዲዮ ጠፋ። ማራገቢያ ጠፋ። ፍሪጁ በቀን አንዴ ብቻ እንዲከፈት ደንብ አወጣሁ። ጀኔሬተር መግዛት ነበረብኝ... ይጮኻል፣ ነዳጅ ይጠጣል፣ ግን ፀሐይ አይለምንም። ለምን ሶላር መረጥኩ? ጸጥታውን ወድጄ። ጸጥታውማ አለ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

34 በመቶ። ለአክስቴ ልነግራቸው ሄድኩ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ዝናብ አወራን። ስለ ጉልበታቸው አወራን። በመጨረሻ አፌን ስከፍት፣ "በል ይሄንንም ጨምርበት" ብለው አራት ዓሣ ሰጡኝ። አመስግኜ ተቀበልኩ።

ላቪኒያ ዓሣውን አየች፣ እኔን አየች።

"ነገርካቸው?"

"በከፊል።"

"የቱን?"

"ሰላምታውን።"

ሳቀች። "ተወው በቃ። እሳቸውን አስቀይመን በዚህ ደሴት ማን ያየናል?"

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 7

36! ደመናው እንዳለ ነው፣ ባትሪው ግን ወጣ። ቁጠባው ሠራ ማለት ነው። ማራገቢያው ይህን ያህል ይበላ ነበር? ገረመኝ። ትንሽ ኮራሁም።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

40። ላቪኒያ ሐኪሙ ያዘዘላትን የጠዋት የእግር ጉዞ አቋርጣ ከቤተክርስቲያኑ አጥር ተመለሰች። "ሙቀቱ ነው" አለች። ውሃ ትጠጣለች። ብዙ ውሃ...

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ዛሬ ጭራሽ አልወጣችም። ከንፈሯ ደርቋል።

"መርፌሽን ተወግተሻል?"

"ተወግቻለሁ።"

እውነቷን ነው፤ ስትወጋ አይቻለሁ። ታዲያ ምንድን ነው? ፍሪጁን ልከፍት እጄን ስዘረጋ ከአልጋዋ ጮኸችብኝ። "ቅዝቃዜው ይወጣል! በቀን አንዴ ያልከው አንተ አይደለህ?"

ልክ ናት። ደንቡ የራሴ ነው። ባትሪው 43።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 15

ጀልባው መጣ። በጀልባው የመጣችውን ነርስ ቫሲቲን ከወደቡ እየጎተትኩ አመጣኋት። ላቪኒያ ከአልጋ መነሳት አቅቷት ነበር። የስኳር መለኪያው ቁጥር እንኳ አላወጣም፤ "ከፍተኛ" ብሎ ዝም።

"መድኃኒቱን እንዴት ነበር ያስቀመጣችሁት?" አለች ነርሷ።

ደብተሬን አሳየኋት። የአሥራ ሁለት ቀን የባትሪ ቁጥር፣ ጠዋትና ማታ። ደብተሩን ትታ ፍሪጁን ከፈተች። ሙቅ አየር ወጣ። ኩሽናው ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ ምድጃ ሆኗል።

"መምህር፣ ይሄ እኮ አልተሰካም።"

ላቪኒያ ግድግዳውን እያየች ነው። "ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ነቅዬዋለሁ። ሁለቱን አይችልም አልከኝ። አሳማው ቢሸት የምትዋረደው አንተ ነህ። እኔ..." አልጨረሰችም።

ነርሷ ጠርሙሶቹን ሁሉ ጣለቻቸው። አዲሱን ወጋቻት። ግሉኮስ አይደለም፣ የጨው ውሃ ነው ብላ በደም ሥር የሚገባ ከረጢትም ሰቀለችላት። "ጀልባው አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ..." እሷም አልጨረሰችም።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 16

ስኳሯ ወረደ። ሾርባ ጠጣች። ቤተክርስቲያን አልሄድንም።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17

አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ሳልቀመጥ ተናገርኩ።

"አክስቴ፣ አሳማውን ይውሰዱልኝ።"

በስልሳ ሦስት ዓመቴ ለእሳቸው እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነው። የላቪኒያን ነገር ከነፍሪጁ ዘረገፍኩት። ዓይናቸው ውሃ ሞላ።

"አንተ ልጅ... ልወስደው ሦስቴ ከበርህ ደርሼ ተመልሻለሁ። እንዲያ ደስ ብሎህ ተቀብለኸኝ፣ መልስልኝ ስል ይከፋሃል ብዬ። ያን ሐሙስም ልነግርህ አስቤ ዓሣ ሰጥቼ ሸኘሁህ።"

ለካ የቤተክርስቲያኑ ስብሰባ የተሰረዘው አሳማው ቤቴ በገባ ማግስት ነው።