ክላክሱን ነጥቃችሁ «ድምፅ አላሰማም» ስላላችሁት ባሌ

ይድረስ ለተከበሩ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎስ፣ እንቅልፍዎስ፣ ወንበር ላይ ብዙ የሚቀመጥ ሰው የሚያማርረው የወገብ ነገርስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ደህና ነን እንዳልል፣ ሐሰት በጽሑፍ ማስፈር በአንዱ ደንባችሁ ያስቀጣ ይሆናል ብዬ ስለፈራሁ ዝም ብዬ አልፈዋለሁ። ለእርስዎ ግን ዕድሜ እንዲሰጥዎ፣ ልጆችዎን ለወግ ለማዕረግ አብቅተው እንዲያዩ ከልቤ እመኛለሁ። ይህ አሽሙር አይደለም። ቤት አባት ሲያጣ ምን እንደሚመስል አይቻለሁና ለጠላቴም አልመኘውም።

እኔ ቤቴ ውስጥ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። ባለቤቴ በእናንተ መዝገብ «የኤሌክትሪክ ብስክሌት አሽከርካሪው» ይባላል፤ በእኛ ሰፈር ደግሞ ጋሽ ፉጨት። ማለዳ ማለዳ ከዳቦ ቤቱ ዳቦ ጭኖ ለየሱቁና ለየቤቱ ሲያደርስ ኖሮ፣ ከዱቄት መጋዘኑ በር የኋሊት የሚወጣ የጭነት መኪና መንገድ ላይ ገደለው። መሥሪያ ቤትዎ ነገሩን መርምሮ «አሽከርካሪው በቂ ድምፅ ሳያሰማ በመቅረቡ ለአደጋው ምክንያት ሆኗል» ሲል ወስኗል። የምጽፍልዎ ይህች አንዲት መስመር እንድትሰረዝልኝ ነው። ካሳ አልጠየቅኩም፤ ሰው ይታሰርልኝም አላልኩም። ነገር ግን ያደግኩበት ጨዋነት ስለማይፈቅድልኝ፣ ከልመናዬ በፊት ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ምን እንደሆነ ስላስረዳችሁን እናመሰግናለን። እኛ አላዋቂዎቹ ሳይክል ይመስለን ነበር። ባለቤቴ በብስክሌቱ መስመር ሲሄድ ተቆጣጣሪያችሁ አስቁሞ «ይሄ እኮ ሞተር አለው፤ ውጣና ከመኪኖቹ ጋር ሂድ» አለው፤ እሺ ብሎ ወጣ። ከከባድ መኪና ጋር መጋፋት ካልቀረ እንደነሱ የሚሰማ ነገር ይኑረኝ ብሎ ክላክስ ቢያስገጥም፣ ያው ተቆጣጣሪ፣ ያው ሰውዬ፣ «ይሄ እኮ ሳይክል ነው፤ ለሳይክል ክላክስ አልተፈቀደም» ብሎ በመፍቻ ፈትቶ ወሰደበት። የሌሊት ወፍ እንኳ ለአይጦቹ ወፍ ነኝ፣ ለወፎቹ አይጥ ነኝ እያለች ከግብር አመለጠች ይባላል፤ የእኛ ሳይክል ግን ከሁለቱም ወገን ቅጣቱን ብቻ ወረሰ። ትንሿን ደወል እንደፈቀዳችሁለት አልክድም። ድመት ለመጥራት የምትሆን ደወል ናት።

ሁለተኛ፣ ስለ ልብሱ ላሳያችሁት ጥንቃቄ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። አንጸባራቂ ሰደርያ ይልበስ አላችሁ፤ ሰፋሁለት። ጥብጣቡ ቀጠነ ተብሎ ተመለሰ፤ ፈትቼ በሰፊው ሰፋሁት። ደግሞ የጀርባው መስመር ተጣመመ ተባለ። ባለሙያ ነኝ፣ እጄን የሚያማ ሰው አልወድም፤ ያን ዕለት ስለ መሥሪያ ቤትዎ የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም፤ ቢሆንም ደግሜ ሰፋሁት። ሄልሜት አላችሁ፤ ገዛ፤ አጠለቀ። ከሆስፒታል ሲመልሱልኝ ሄልሜቱ ጭረት እንኳ አልነበረበትም። የከባድ መኪና ጎማ ጭንቅላት ብቻ መርጦ አይሄድማ! ሰደርያውንም መለሱልኝ፤ የጀርባው መስመር አሁንም ቀጥ እንዳለ ነው። ደጋግሜ አጥቤዋለሁ፤ ምኑ እንዳልለቀቀ ግን አልነግርዎትም።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እስክሪብቶዬን ስንት ጊዜ አስቀምጬ አነሳሁ። ክላክሱ ከተወሰደበት በኋላ ባለቤቴ ማፏጨት ጀመረ። አይችልበትም ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ድምፁ እንደሚፈላ ማንቆርቆሪያ ስለነበር «ኧረ ውሃው ፈላ፣ አውርዱት!» እያልኩ እስቅበት ነበር። እሱም «ሳቂ፣ ሳቂ! ይሄንን እንኳ በመፍቻ አይፈቱትም» ይለኝ ነበር። ልጃችን አብራው ተለማመደች፤ አባትና ልጅ እራት ላይ ሳይቀር እያፏጩ ጆሮዬን በሉት። ዳገቱን ትንፋሽ እያጠረው፣ የኋላው ሳጥን በዳቦ ተሞልቶ፣ በየማዕዘኑ፣ በየግቢው በር እያፏጨ ያልፍ ነበር። ሰው ሁሉ ስሙን ረስቶ ጋሽ ፉጨት አለው። አይ ባሌ! ለመኖር ብሎ በዚያ ዕድሜው ፉጨት ተማረ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ «በቂ ድምፅ ሳያሰማ» የተባለው ይህ ሰው ነው። በቂው ድምፅማ እናንተ ዘንድ ነው ያለው፤ ከሌሎች ከተነጠቁ ክላክሶች ጋር መጋዘናችሁ ውስጥ ተቀምጧል። የሰውን አፍ ሸብቦ ለምን አልተናገርክም ማለት ፍርድ ከሆነ፣ በፍርዳችሁ የሚተካከላችሁ የለም።

ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። የዱቄት መጋዘኑ ዘበኛ፣ ትልቅ ሰው፣ ለልቅሶ መጥተው «ልጄ፣ እንደ ሁልጊዜው እያፏጨ ነበር የመጣው፤ መኪናው ወደ ኋላ ሲል ጊዜ ፉጨቱን አጠበቀው፤ ደወሏንም መታት» ብለውኛል። ሹፌሩም መጥቶ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ መግባት አቃተው፤ እኔም ልረግመው አፌን ከፍቼ አቃተኝ። «የሞተሩ ጩኸት ዋጠብኝ እህቴ፤ ክላክስ ቢሆን እሰማ ነበር፤ ለመርማሪዎቹም ይሄንኑ ነው የነገርኳቸው» አለኝ። ሁለቱም ለመርማሪዎቻችሁ የተናገሩት ቃል ውሳኔያችሁ ውስጥ የለም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት እንዲህ ነው፤ ደንባችሁን መውቀስ ቢከብዳችሁ ሟቹን ወቀሳችሁት። ሟች እንደሆነ አይከራከርም፤ ለአሠራር ይመቻል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ፣ የሞተ ተጎዳ ብዬ ስፌቴ ላይ አቀረቅር ነበር። እናንተ ግን ውሳኔውን «ለሌሎች ማስተማሪያ ይሆን ዘንድ» በራችሁ ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ለጠፋችሁት። ልጄ ከትምህርት ቤት የምትመለሰው በዚያ በኩል ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ማንበብ ላይ ጎበዝ ናት፤ አባቷ ነው ያስጠናት። ቤት ገብታ ቦርሳዋን ሳታወርድ «እማዬ፣ አባዬ ያን ቀን ለምን አላፏጨም? ተቆጥቶን ነበር እንዴ?» አለችኝ። አፏጭቷል የኔ እናት፣ በደንብ አፏጭቷል ብላት፣ «ታዲያ ማኅተም አድርገው ይዋሻሉ?» ብላ መለሰችልኝ። ምን ልበላት? ሌት ተቀን የምታለቅስ እናቷን ትመን ወይስ ክብ ማኅተሙን? ከዚያ ቀን ወዲህ ፉጨት ከቤታችን ጠፍቷል፤ አንጀቴን የሚበላው ይሄ ነው። ባሌን መኪናው ወሰደብኝ፤ ልጄ ውስጥ የተረፈውን ባሌን ደግሞ እናንተ ልትወስዱብኝ ነው። ይህን በእርጋታ ልጽፈው አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ ያቺ መስመር ተሰርዛ፣ በምትኩ «አሽከርካሪው አፏጭቷል፤ ደወልም መትቷል፤ የሚሰማውን ክላክስ ግን ቀደም ብለን ወስደንበት ነበር» ተብሎ እንዲጻፍና በዚያው ሰሌዳ ላይ፣ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ በሚታይ ቁመት እንዲለጠፍ ነው። ጊዜ ከተረፋችሁ ደንቡንም እዩት። መድኃኒት የሚያደርሰው ልጅ አለ፤ አትክልት የምታመላልሰዋም አለች። ሁሉም ዛሬ በዚያ በዱቄት መጋዘኑ በር ላይ ያልፋሉ፤ ፉጨት የሚችሉ አይመስለኝም።

ደንባችሁን አክብራ ሦስት ጊዜ የሰፋች፣ ለከተማው ጸጥታ የባሏን ድምፅ ያዋጣች፣ ዘወትር ምስጋናዋ የማይነጥፍ ታዛዥዎ፣

የጋሽ ፉጨት ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጋዜጣ ላይ ከማውጣቴ በፊት ቅሬታዬን በወጉ ላስገባ መሥሪያ ቤትዎ መጥቼ ነበር። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ እጅግ ትሑት ሰው ነው። «እህቴ፣ ውሳኔውን መቃወም የሚችለው አሽከርካሪው ራሱ በአካል ሲቀርብ ብቻ ነው» አለኝ። ሞቷል እኮ አልኩት። ደንቡን ገለጥለጥ አድርጎ አየና፣ ስለሱ የሚል ነገር የለም አለኝ። እንግዲህ እሱ ወደ እናንተ መምጣት ስለማይሆንለት፣ እርስዎ ወደ እሱ ቢሄዱ ምን ይመስልዎታል? መቃብሩን እኔ አሳይዎታለሁ። ይጠይቁት፤ እስኪመልስልዎም የፈለጉትን ያህል ይጠብቁት። በቂ ድምፅ ካላሰማዎት፣ ያን ጊዜ ውሳኔዎ ይጽና።