በእትዬ ደብሪቱ ሻሽ ምክንያት ስለ ጠበበው መተላለፊያ

ለክቡር የገበያ እንፋሎት ኃይል ማመንጫ ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የአንገትዎንና የዓይንዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ገና ያልተሠራውን ፋብሪካ በሚያስጎበኘው የመሥሪያ ቤትዎ መነጽር ውስጥ ሩብ ሰዓት ቆይቼ ስወጣ ሁለቱም ስለከዱኝ፣ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ውስጥ የሚሠራ ሰው እንዴት ይውል ይሆን ብዬ አዝኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ፤ አልፎ አልፎ ብቻ በሸማ ተራ ስሄድ የሌለ ደረጃ ለመውጣት እግሬን አነሣለሁ፣ ደንበኞቼም አይተው እንዳላዩ ያልፉኛል።

ጉዳዬን በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ ሦስት ጊዜ መጥቼ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብያለሁ። በሦስተኛው ጊዜ ጸሐፊዎ ስብሰባው የሚካሄደው መነጽሩ ውስጥ መሆኑን ስትነግረኝ፣ የሚንኳኳው በር በየት በኩል እንደሆነ ስላላወቅሁ ተመለስሁ።

ወደ ቅሬታዬ ሳልገባ ላመስግን። የገበያችንን ካርቶንና የጨርቅ ቁርጥራጭ አቃጥሎ፣ ውኃ አፍልቶ፣ በእንፋሎቱ መብራት የሚያመነጭ ፋብሪካ ከሱቆቻችን ጀርባ ሊሠራልን መሆኑን በእልልታ ተቀብለናል። መብራት በጠፋ ቁጥር የስፌት መኪናዬን በእግሬ እየረገጥሁ የኖርሁ ልብስ ሰፊ ነኝና፣ ለዚህ ፋብሪካ ጠላት ልሆን አልችልም። አንዲት ድንጋይ ሳትነሣ በቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር ውስጡን እንድንጎበኝ መደረጋችን ደግሞ ልጅነታችንን መልሶልናል። ቦይለሩን ዞርነው፣ ከተርባይኑ ሥር አጎነበስን፣ ክር ሻጯ ሠርኬ ገና ያልተገጠመ ቧንቧ ነክታ «አቃጠለኝ!» ብላ ስትጮኽ በአዳራሹ የነበርን ሁሉ እጃችንን ሰበሰብን።

አሁን እንግዲህ፣ በታላቅ ትሕትና፤

፩. ስለ ሻሹ። እትዬ ደብሪቱ በሸማ ተራ ሠላሳ ዓመት ጋቢ የሸጡ፣ ሱቃቸውም በመተላለፊያችን መጨረሻ የሚገኝ የሁላችን ታላቅ ናቸው። መነጽሩ ሲቀርብላቸው «ለማሽን ብዬ ሻሼን አልፈታም» ብለው ከነሻሻቸው አጠለቁት። ቋጠሮው ከግንባራቸው በስተቀኝ ስለሆነ መነጽሩ ዘመም ብሎ ተቀመጠ፤ ባለሙያዎም በዚያው እንደዘመመ የማስተካከያ ቁልፉን ተጫነና ማሽኑ «ቀጥ ማለት ማለት ይህ ነው» ብሎ ተቀበለ። ወዲያው ፋብሪካው በሙሉ አጋደለ። እትዬም በእናትነት አንጀት «ልጆቼ፣ ይሄ ቤት ወደ ሰባተኛ ሰፈር ሊወድቅ ነው፤ በጊዜ ደግፉት!» አሉ። አንዳችን እንኳ «እትዬ፣ ሻሽዎ ነው» አለማለታችን የእኛ ጥፋት ነው፤ አምናለሁ። ነገር ግን በሰፈራችን ለእትዬ ደብሪቱ «ሻሽዎ ዘሟል» የሚል ሰው ገና አልተወለደም። ባለሙያዎ ግን ነገሩን «ማኅበረሰቡ በመሠረቱ ላይ ያለው ሥጋት» ብሎ መዘገበው።

፪. ስለ ድጋፉ ግንብ። ከሁለት ወር በኋላ ለሁለተኛው ጉብኝት ስንጠራ፣ ዱሮም ቀጥ ብሎ የቆመው ሕንፃ በሰባተኛ በኩል ውፍረቱ ሁለት ሜትር ከሃያ የሆነ የድንጋይ ድጋፍ ተሰጥቶት አየን። የሕዝብን ቃል በዚህ ፍጥነት የሚፈጽም መሥሪያ ቤት በዕድሜዬ አይቼ ስለማላውቅ ዕንባዬ መጣ። ችግሩ፣ በዚያ በኩል ያለው የእኛ መተላለፊያ መሆኑ ነው። ጥጥና ክር እስከ ጣሪያቸው የታጨቀባቸው አርባ ሁለት የኋላ ሱቆች ከእርሱ ሌላ መውጫ የላቸውም፤ ስፋቱ ሦስት ሜትር ነበር፣ በእናንተ ዓለም ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ቀርቷል። እሳት የሚያነድ ፋብሪካ ከጥጥ ጎን አስቀምጦ መውጫውን ማጥበብ የምድጃ እንጂ የመንገድ ዲዛይን አይመስለኝም፤ ሆኖም እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ብሳሳት ይታረምልኝ።

፫. ስለ ጓንጉል። ጓንጉል ከጎጃም መጥቶ በተራችን ሃያ ዓመት የተሸከመ ሰው ነው። መነጽሩን አጥልቆ በአዲሱ መተላለፊያ እንዲሄድ ሲጠየቅ «ጀርባዬ ባዶ ከሆነ እግሬ መንገዱን አያውቀውም» አለና አንድ ቦንዳ ጋቢ አሸከሙት። ሦስት እርምጃ ሄዶ ቆመ። በጎኑ ሞከረ፣ ወደ ኋላ ሞከረ። በተንጣለለ ባዶ አዳራሽ መካከል፣ ከፊቱ አንዲት ወንበር እንኳ ሳትኖር፣ ላብ እያጠመቀው ተቀረቀረ። ኢንጂነር ሩታ የምትባለው ትሑት ባለሙያዎ «ጋሼ፣ ይለፉ እንጂ፤ ግድግዳው እኮ የለም!» ብትለው፣ «ከሌለ ለምን ትሠሩታላችሁ?» አላት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ እርሷም እስክታለቅስ ሳቀች። ክቡር ሆይ፣ በዚያች ደቂቃ ያ ውድ መነጽር የተገዛበትን ሥራ ሠርቷል፤ ግንቡ ሳይገነባ ስሕተቱን አሳይቷል። ቃለ ጉባኤው ግን «ጎብኚው ሥርዓቱ የማያውቀው ጭነት ይዞ ስለነበር ውጤቱ ተሰርዟል» ይላል። እውነት ነው፣ በመነጽሩ ውስጥ የሚመላለሱት ግራጫ ሰዎች ሁሉ ባዶ እጃቸውን ናቸው። መርካቶ ውስጥ ባዶ እጁን የሚሄደው ግን ኪሱን የተሰረቀ ብቻ ነው።

፬. ስለ ልኬት። ሰው ልኩ ሲወሰድ ሆዱን ያስገባል፤ እኔም ሜትሬን እንደያዝሁ «ይተንፍሱ» እላለሁ። እናንተ መተላለፊያችንን ስትለኩ «ይተንፍሱ» የሚል ስላልተገኘ፣ ባለፈው ቅዳሜ እኛው ልብስ ሰፊዎቹ ጠመኔያችንን ይዘን ወጥተን የግንባችሁን መስመር መሬት ላይ አሰመርን። ከዚያ «እሳት!» ብለን ጮኸን አርባ ሁለቱን ሱቆች ለቅቀን ለመውጣት ሞከርን። አስቀድመን በሙሉ ስፋቱ ስንሞክር አራት ደቂቃ ፈጅቶብን ነበር፤ በጠመኔው ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። የመጨረሻዋ ወጪ እትዬ ደብሪቱ ነበሩ። ሲወጡ ማንም አልሳቀም። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ግድግዳ ተደግፈው ቆዩና «ቤቱን ደግፉ አልኩ እንጂ እኔን ቅበሩኝ አልኩ?» አሉ። ያን ጊዜ ነው የሻሹን ነገር፣ ሦስት ሆነን፣ መሬት መሬቱን እያየን የነገርናቸው።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ቁፋሮው በመጪው ማክሰኞ እንደሚጀመር በበራችን ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከዚያ በፊት አንድ ቀን መነጽሩ ይምጣልን። እትዬ ደብሪቱ ሠላሳ ዓመት በሰው ፊት ያልፈቱትን ሻሽ ፈትተው፣ ጠጉራቸውን ለአደባባይ አሳይተው፣ ሕንፃው ቀጥ ያለ መሆኑን ደግመው ሊመሰክሩ ቃል ገብተዋል። አንዲት እናት ስሕተታቸውን ለማረም ይህን ያህል ከሄዱ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ሜትር ከሃያ ወደ ኋላ ቢመለስ ክብሩ የሚቀንስ አይመስለኝም።

እንፋሎትዎ የማይበርድ፣ ተርባይንዎ የማይደክም፣ በር ያለው ስብሰባ የሚገጥምዎ ይሁኑ እያልሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ፍስሐ አስናቀው
ልብስ ሰፊ፤ ሸማ ተራ፣ የኋላ ሱቆች

ተጨማሪ፦ የጠመኔውን ግንብ ሕዝቡ ቀኑን ሙሉ ሳይጥሰው ዋለ። በመካከሉ ሰንጥቆ ያለፈ አንድ ብቻ ነው፤ የቁፋሮውን ማስታወቂያ ለጥፎ የሚመለሰው የመሥሪያ ቤትዎ መኪና። «ጌታው፣ ግንብ ላይ ነው የነዱት» ብንለው ሾፌርዎ በመስኮት ብቅ ብሎ «እና በየት ልውጣ?» አለን። ቃሉን የመሥሪያ ቤትዎ አስተያየት ብለን መዝግበነዋል።