አተላ ብዬ የደፋሁት እርሾ

ለውድ እህቴ ለዞራይዴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? ባልሽ ራሚሮ ደህና ነው? ልጃችሁ ኔስቶርስ? እኛ በብርድ ስንቆራመድ ባሕር ማዶ እናንተ ዘንድ አሁን በጋ ነውና ወይኑ እንዴት ይዟል? በረዶ እንዳይመታባችሁ ስንሰጋ ከርመናል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። አባታችን ወይራ ሲለቅሙ ከመሰላል ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አልተነሱም። ምላሳቸው ግን አልተሰበረምና ቤቱን የሚያስተዳድሩት ዛሬም እሳቸው ናቸው።

ካለፈው ደብዳቤሽ በኋላ ብዙ ጊዜ ዝም አልኩሽ። ሥራ በዝቶበት ነው ብለሽ እንዳታስቢልኝ። አፍሬ ነው። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ስለ አየሩና ስለ ጎረቤቱ ጽፌ እቀደዋለሁ። ዛሬ ግን ካልጻፍኩልሽ ጊዜው ያልፍብኛል።

ከተማ ሄጄ የወይን ጠጅ አጠማመቅ ተምሬ መመለሴን ታውቂያለሽ። ምድር ቤቱን እንዳልነበረ አደረግሁት። ትልልቆቹን አሮጌ በርሜሎች አውጥቼ የማይዝግ ብረት ጋኖች አስገባሁ፣ ሙቀቱን በቴርሞሜትር እየተቆጣጠርኩ መጥመቅ ጀመርኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀዩ ወይን ጠጃችን ተሻሽሏል። ያ በጋ በገባ ቁጥር የሚመጣበት የኮምጣጤ ጠረን ጠፍቷል። አባታችን እንኳ ቀምሰው፣ ይሄ እንኳን ይጠጣል አሉ። ከእሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ልቤ አበጠ። እዚያው ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ አንቺ ፊት አንገቴን አልደፋም ነበር።

ከወንዙ ማዶ ያሉትን ጎረቤታችንን ጋሽ ኤጂስቶን መቼም አትረሻቸውም። ዛሬም ሁሉን ነገር አያታቸው ሲሠሩት እንደነበረው ነው የሚሠሩት። አንድ እሑድ መጠጥ ቤት ካርታ ሲጫወቱ አገኘኋቸውና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ የእርስዎ ምድር ቤትማ ሙዚየም ስለሆነ በሩ ላይ ትኬት ይቁረጡ አልኳቸው። ቤቱ በሳቅ አውካካ። እሳቸው ቀና ሳይሉ ካርታቸውን ማየት ቀጠሉ።

በጥር ደግሞ ቪን ሳንቶውን፣ ያንን ከደረቀ ወይን የሚጠመቀውን ጣፋጭ ወይን ጠጃችንን፣ የምናስቀምጥበት ቆጥ ላይ ወጣሁ። ዘለላዎቹ ከጣሪያው ላይ ተንጠልጥለው እየደረቁ ነው። የሚሞሉት ትንንሽ በርሜሎችም ሆዳቸው ውስጥ ያንን ጥቁር፣ እንደ ሬንጅ የወፈረ ነገር ይዘው ተደርድረዋል። እናታችን ወይን ጠጁን ስትቀዳ እሱን ማንንም አታስነካም ነበር፤ አዲሱን ጭማቂ በላዩ ላይ ጨምራ ነበር የምታሽገው። እኔ ሁሉንም በፈላ ውሃና በሶዳ አጠብኩት። ከበርሜሎቹ የወጣውን የፍግ ክምሩ ላይ ደፋሁት። እርሾ መሆኑን አላውቅም ነበር ብልሽ ውሸት ይሆናል። አውቄ ነው የናቅሁት። በፓኬት የሚሸጠውን እርሾ ገዝቼ ስለነበር ይህ አተላ ምን ያደርግልናል አልኩ።

ዶሮዎቹ የደፋሁትን ለቅመው ሰከሩ። አውራው አጥር ላይ ሊወጣ ሞክሮ በጀርባው ወደቀ። አባታችን በመስኮቱ ያያሉ ለካ፣ «ቫስኮ፣ ዶሮዎቹን ምን አበላሃቸው?» ብለው ጠየቁኝ። የተጨመቀ የወይን ልጣጭ ነው አልኳቸው። በዚህ ዕድሜዬ፣ ሚዛን የሚደፋ ሽበት አብቅዬ፣ አልጋ ላይ የተኙ አባቴን ዋሸኋቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ ለሙከራ ጥቂት ዘለላ ጨምቄ በፓኬቱ እርሾ ጣልኩ። ትንሽ አረፋ አወጣና ጸጥ አለ። ስኳሩ በዝቶበት ሞተ። እንደገና ጣልኩ፣ እንደገና ሞተ። ጊዜው ደግሞ እየደረሰብኝ ነው። አባታችን በሕማማት ሳምንት ወይኑ ሲጨመቅ በወንበር ተሸክማችሁ ቆጡ ላይ አውጡኝ፣ በርሜሎቹን በእጄ ልድፈን ብለውናል። ምናልባት የመጨረሻዬ ነው ይላሉ። ወጥተው የታጠበ በርሜል ሲያዩ ምን እላቸዋለሁ?

ወጉን ታውቂዋለሽ፤ እርሾው የጠፋበት ሰው ባዶ ጠርሙስ ይዞ ራሱ ይሄዳል እንጂ ሚስቱን አይልክም፣ በሩ ላይም እንዴት እንደጠፋበት በአፉ ይናገራል። ከጋሽ ኤጂስቶ ሌላ የድሮ እርሾ የያዘ ሰው በአካባቢው አልቀረም። ጠርሙሱን ኮቴ ውስጥ ሸሽጌ ሄድኩ። በሩን ከፍተው ያበጠውን ኮቴን አዩና፣ «ትኬት ቆርጠሃል?» አሉኝ። መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። ሆኖም ሁሉንም ነገርኳቸው። አስገብተው ወንበር ሰጡኝ፣ አንድ ብርጭቆም ቀዱልኝ። ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦

«ብሰጥህ አይቆጨኝም። ግን የኔ እርሾ የኔን ቤት ነው የሚያወጣው፤ አባትህ ገና ሲያሸቱት ያውቁታል። የእናንተን ዞራይዴ ይዛው ሄዳ የለም እንዴ? እሷን ለምናት፣ ልጄ።»

አግብተሽ ስትሄጂ እናታችን ከዚያ እርሾ በጠርሙስ ቀድታ፣ በራሷ የሱፍ ሹራብ ጠቅልላ ሻንጣሽ ውስጥ ከተተችልሽ። አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ደግሞ ጉምሩኮቹ ሬንጅ ነው ብለው ባሕር ውስጥ ይጥሉብሻል እያልኩ አፌዝብሽ ነበር። አንቺ በሰው አገር ይኸው እስከ ዛሬ በየዓመቱ በእሱ ትጥያለሽ፣ እኔ ከቤቱ ሳልወጣ አጠፋሁት።

እንግዲህ በርሽ ላይ ቆሜያለሁ ብለሽ ቁጠሪው። ኔስቶር በመጋቢት ሲመጣ አንድ ጠርሙስ ስደጂልኝ። ቁጣሽን በሌላ ደብዳቤ ላኪው፣ ሳልቀድ አነበዋለሁ።

ባለቤቴን ኢቫናን በጣም ናፍቀሻታል፤ ስለ ላክሽላት ሻርፕም ታመሰግንሻለች። ልጃችን ሎሬላ የኔስቶርን መምጣት እየጠበቀች ናት። ጋሽ ኤጂስቶም ሰላም በልልኝ ብለዋል። ለራሚሮና ለዘመዶቹ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። አባታችን አሁን ከአልጋቸው ሆነው፣ ለእህትህ እየጻፍክ ነው ወይ አሉኝ፤ አዎ አልኩ። ጉንጭሽን ስመውሻል። ቀጥለው፣ «እናቷ እንዳደረገችው በሱፍ ጠቅልላ ትስደደው በላት፤ ጠርሙሱንም እስከ አፉ አትሙላው» አሉኝ።

እኔ ስለ ጠርሙስ አንዲት ቃል አልተነፈስኩላቸውም።

አንገቱን የደፋው ወንድምሽ
ቫስኮ

ካርሚኛኖ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1979