“ቁጠሩት!” ይሉን የነበሩት መምህርት የሕይወት ታሪክ

ውድ እህታችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን በ1943 ዓ.ም. ከአባታችን የስፌት ክፍል ጀርባ ባለችው ጠባብ ቤት ተወለዱ። የበኩር ልጅ እንደመሆናቸው ታናናሾቻቸውን አዝለው አሳድገዋል፤ ሲያስፈልግም ቆንጥጠዋል፤ ለዚህም ታናሽ ወንድማቸው የሆንኩት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ምስክር ነኝ።

ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት አጠናቀው በ1965 ዓ.ም. የኬሚስትሪ መምህርት ሆኑ። በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል። ባለቤታቸው ዝምተኛ፣ እሳቸው አፋቸው የማያርፍ ስለነበሩ ቤቱ በሰላም ኖሯል።

በ1978 ዓ.ም. ለመማሪያ መጽሐፍ ስለ አቶም የሚያስተምረውን ምዕራፍ እንዲጽፉ ተመረጡ። ሁለተኛ ልጃቸውን ሊወልዱ ተቃርበው ስለነበር ረቂቁን በጥድፊያ አስረከቡ። በውስጡም “ያልተጣመረ ኤሌክትሮን ያለው አቶም ቻርጅ አለው” የሚል ዓረፍተ ነገር ገባ። ስሕተት ነው። መጽሐፉ በየትምህርት ቤቱ ከተሠራጨ በኋላ ሲያዩት ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። እርማት እንዲታተም ደጅ ቢጠኑም “በሚቀጥለው እትም” ተባሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላ መጽሐፍ ሲወጣ እርማቱን ያነሳው የለም።

እሳቸውም የራሳቸውን መጽሐፍ በገዛ ክፍላቸው ማፍረስ ያዙ። ከአባታችን ቤት በቆርቆሮ ያመጧቸውን የልብስ ቁልፎች፣ ቀዩን ፕሮቶን፣ ሰማያዊውን ኤሌክትሮን ብለው የሶዲየምን አቶም ጠረጴዛ ላይ ይሠራሉ። ከዳር አንዲት ሰማያዊ ቁልፍ ጥንድ አጥታ ትቀመጣለች። ተማሪው “ቻርጅ አለው!” ሲል “ቁጠሩት!” ይላሉ። አሥራ አንድ ቀይ፣ አሥራ አንድ ሰማያዊ፤ እኩል ነውና ቻርጅ የለም። ያቺን ቁልፍ አንሥተው እንደገና “ቁጠሩት!” ይላሉ። አሁን ሰማያዊዎቹ ሁሉ ተጣምረዋል፤ ቀዩ ግን በአንድ በለጠ፤ ባለቻርጅ አዮን ሆነ። “ቲቸር ቁጠሩት” የሚለው ቅጽል ስም የወጣላቸው በዚሁ ነው።

ይህ ግን አላጽናናቸውም። “የሌላውን ትምህርት ቤት ልጅ ማን ያርምልኝ?” እያሉ ይቆጩ ነበር። ታክሲ ውስጥ የማያውቁትን ጎልማሳ ሳይቀር ስለ ኤሌክትሮን ይፈትኑ እንደነበር ልጆቻቸው በኀፍረት ያስታውሳሉ።

በመጨረሻም ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ተኙ፤ ኦክስጅንም ተደረገላቸው። የምታስታምማቸውን ነርስ ጭምብላቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ይኼ የምስበው ኦክስጅን ሁለት ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች አሉት። ቻርጅ አለው?” አሏት።

“አለው እንጂ፣ እማማ! እኛ የተማርነው እንደዚያ ነው።”

“እኔ ነኝ ያሳሳትኩሽ፣ ልጄ” አሉ፤ እንባቸውም መጣ። ባለቤታቸው ሄደው የቁልፎቹን ቆርቆሮ ከቤት አመጡ። የምንስበው ኦክስጅን ሁለት አቶም የተጣመረበት ነውና ነርሷ ብርድ ልብሱ ላይ ለእያንዳንዱ ስምንት ስምንት እያለች አሥራ ስድስት ቀይ፣ አሥራ ስድስት ሰማያዊ ቆጥራ “እኩል ነው፤ ለካ የለውም” አለች። እህታችን ጭምብላቸውን መልሰው ሲስቁ ዓይናቸው ብቻ ይታይ ነበር። በማግሥቱ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው አረፉ። በጣም እናዝናለን፤ ቤቱም ጭር ብሏል።

ከባለቤታቸውና ከሁለቱ ልጆቻቸው ሌላ ሦስት የልጅ ልጆችና ታናናሾቻቸው በሕይወት አለን። እውነትን ስትፈልግ የደከመች ነፍሳቸውን ፈጣሪ በዕረፍት ይቀበልልን።

ሳይታተምላቸው የቀረውን እኛ ቤተሰቦቻቸው እዚህ አትመነዋል፦

እርማት። ያልተጣመረ ኤሌክትሮን መኖሩ ብቻ አቶምን ባለቻርጅ አያደርገውም። ያላመነ ይቁጠር።