ያፈርህበት ቃሬዛ

ኪሮስ፣ የልጄ አባት፣

ከተለያየን ሁለተኛው የገብስ አጨዳ ደረሰ። ደኅና ነኝ አልልህም፤ ተናድጃለሁ። ፊደል ያስቆጠርኸኝ አንተ ነህና ቁጣዬንም አንብባት።

ያኔ መጀመሪያ ስትታመም አንጀትህ ተጠማዞ ጎረቤቶቻችን ከአገራችን ከደሃና እስከ ሰቆጣ ሆስፒታል ድረስ በቃሬዛ ተሸክመውህ ሄዱ። ሐኪሙ ሆድህን ከፍቶ አተረፈህ። ስንወጣ ደጋግሞ ነገረን፤ ውስጡ ሲድን ጠባሳ ያበጃል፣ ጠባሳው አንጀትን ከአንጀት አጣብቆ መንገዱን ሊዘጋ ይችላል፣ ሆድህ ቢነፋ፣ ቢያስመልስህ፣ ፈስ እንኳ እንቢ ቢልህ ሳታድሩ ኑ አለን። እኛ ግን የላዩን ስፌት እያየን፣ ያንቺ የሰፌድ ስፌት እንዲህ ቀጥ ብሎ አያውቅም እያልኸኝ ስንስቅ የውስጡን ረሳነው። አንተ ከዚያ ሁሉ ይዘህ የተመለስኸው እፍረት ብቻ ነበር። የስንቱን ትከሻ ላጥሁ እያልህ ከረምህ። አንተ ራስህ ስንቱን በሽተኛ ተሸክመህ ነበር፣ እሱ ትዝ አላለህም።

በአጨዳ መሀል ሆድህ ተነፋ። ቆሎ ነው የነፋኝ አልኸኝ። በማግስቱ ውሃ እንኳ አልረጋ ሲልህ ልጮህ ደጅ ወጣሁ። ሰው ገብሱን ሜዳ ላይ ጥሎ አይሸከመኝም፣ እንዳትጮኺ ብለህ በሚካኤል ገዘትኸኝ። ፈራሁና ዝም አልሁ። ጭራሽ ባሌ ቻይ ነው ብዬ ኮራሁብህ፤ ሞኝ! በሦስተኛው ቀን የጮህሁት ለሬሳህ ነው።

አጨዳው የተረፈ መሰለህ? ሰፈሩ ሁሉ ማጭዱን ጥሎ መጣ። አንድ ቀን ልታተርፍላቸው ብለህ ሦስት ቀን ሐዘን አስቀመጥሃቸው። ተሸክመውም ቀበሩህ። እነሱ ከመሸከም አልዳኑ፣ አንተም አልዳንህ።

በሬዎቹን ወንድምህ ያርስባቸዋል። ጋቢህን እኔ ለብሼዋለሁ፤ ቂም ይዤብህም ይሞቀኛል።

ባለፈው ሳምንት ልጃችን ለምለም ምጥ ያዛት፤ ውላ አደረች፣ ልጁ አልወርድ አለ። እሷም እንዳንተ፣ ሰው አጨዳ ላይ ነው እናቴ፣ ተይ አለችኝ። ፊትህ ድቅን አለብኝ። ደጅ ወጥቼ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህሁ። ሰዎቹ ማጭዳቸውን እንደያዙ ሮጠው መጡ፣ አንድም ያጉረመረመ የለም። በቃሬዛ ተሸክመዋት ሰቆጣ ደርሳ በሰላም ተገላገለች። ወንድ ነው። ምትኩ እንበለው ሲሉ እንቢ አልሁ። አንተን የሚተካ አልፈልግም፤ ሲያመው የሚጮህ ልጅ ይበቃኛል።

አልረሳህም። እዚህ ደጅ ላይ ለሰው ሕይወት በጮህሁ ቁጥር አስታውስሃለሁ፤ ገና ብዙ እጮሃለሁ።