«የተቀያየመ አለ ወይ?»

አያሌው ሆዴ፣

አፈር ከለበስክ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ደግሞ የሞተን ሰው እንዴት ነህ ይሉታል ወይ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። እኔ እንዳለሁ አለሁ። የጓዳው ግድግዳ ባንድ በኩል ወርዷል፣ ጥቁሯ ላም ወልዳለች፣ ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ አርብ ገበያ መሄድ ትቻለሁ። የምጽፍልህ ግን ስለ ማኅበራችን ነው።

አንተ ሙሴ ሆነህ የሚካኤልን ማኅበር ስትመራ፣ ዳቦው ሳይቆረስ ጽዋውን ይዘህ ትቆምና «የተቀያየመ አለ ወይ?» ትል ነበር። ካለ ማንም አይቀምስም። ሁለቱ ወንድማማቾች በግጦሽ ተኮራርፈው አንታረቅም ያሉ ዕለት ትዝ ይልሃል? ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ በረሃብ አስቀመጥከን፤ እኔም በሆዴ ስረግምህ ዋልኩ። ያንዱ ቂም የሁላችን ዕዳ ነው፣ አንድ ቂመኛ አቅፈን ሌሎቻችን ጻድቃን ነን ማለት የለም እያልክ ድርቅ አልክ። ተሳስመው ሲታረቁ ዳቦው ደርቆ ነበር፤ ግን እንዴት ይጣፍጥ ነበር!

አንድ ቀን ደግሞ ጽዋውን ይዘህ ቆምክና፣ እኔ ራሴ ከሚስቴ ተኮራርፌ ነው የመጣሁ ብለህ በሰው ፊት ይቅር በዪኝ አልከኝ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የዚያን ቀን ያህል ግን በሠርጋችንም ቀን አልወደድኩህም።

አሁን የተቀያየሙት እነማን መሰሉህ? ልጃችን ጌጡና ከጥምቀት ያነሡት የክርስትና አባቱ፣ ወዳጅህ አያ ምስጋናው። ባለፈው መስከረም በሬያቸው ባቄላችን ውስጥ ገባ፤ ጌጡ በድንጋይ እግሩን ሰበረው፤ በሬው ታረደ። ነገሩ ይኸው ነው። አንተ ብትኖር ባንድ ማኅበር ያልቅ ነበር። ጌጡን ይቅርታ ጠይቅ ብዬ ብለምነው፣ እሳቸው ከብታቸውን ይጠብቁ አለኝ። አያ ምስጋናው ደግሞ የበሬዬን እግር የሰበረ ነገ የኔን አንገት ይሰብራል ብለው በገበያ ተናገሩ። ይኸው ዛሬ ሁለቱም ጠመንጃ ሳይዙ እርሻ አይወጡም።

አዲሱን ሙሴ ታውቀዋለህ፤ በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም የሚለው ጎረቤታችን ነው። እሱ አይጠይቅም። አንዱ ሲመጣ ሌላው ይቀራል፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም በሰው ቤት ምን አገባን ይላል። የንስሐ አባታችንን ባማክራቸው ጊዜው ክፉ ነው፣ ጸልዪ አሉኝ። መጸለዩማ መች ጠፋኝ!

በሰኔ ሚካኤል ተራው የኛ ቤት ሆነ። ጠላ ጠመቅሁ፣ ዳቦ ደፋሁ። ሁለቱም መጡ፤ ጌጡ የእናቱ ቤት ስለሆነ፣ አያ ምስጋናው ያንተ ቤት ስለሆነ። ባንድ ጣራ ሥር ሳያቸው አንተ የላክሃቸው መሰለኝ። ቄሱ፣ ያው የንስሐ አባታችን፣ ጸሎቱን አደረሱ። ሙሴው ጽዋውን ሊያነሣ ሲል፣ እኔ ከጓዳው በር ቆሜ የተቀያየመ አለ ወይ አልኩ።

ቄሱ አቀርቅረው መቋሚያቸውን ያያሉ። ጌጡ ጠመንጃውን አንሥቶ ወጣ። አያ ምስጋናው ትንሽ ቆይተው ጋቢያቸውን አጣፉና ወጡ። የቀሩት ተከትለው የሚመልሷቸው መስሎኝ ከበሩ ገለል አልኩላቸው። ማንም አልተነሣም። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ፣ ጠጡ። ሲወጡም ጠላሽ ግሩም ነው አሉኝ። ወይ ነዶ! ጠላዬን ሊያመሰግኑ ነው እንዴ የተሰበሰቡት?

አያሌው፣ ላንተ አልዋሽም፣ ተስፋ ቆርጫለሁ። ሰው ሲያልፍ ውሻው በጮኸ ቁጥር መርዶ የመጣ ይመስለኛል። ያንተን ጥያቄ ግን አልረሳም። ተራው በደረሰኝ ቁጥር፣ የሚመልስልኝ ባይኖርም፣ ከዚያው በር ቆሜ እጠይቃለሁ። ሌላ መታሰቢያ የለኝም።

ከልጅህና ከወዳጅህ ማን ቀድሞ አንተ ዘንድ እንደሚመጣ አላውቅም። ማንም ይሁን፣ ከማቀፍህ በፊት ጠይቀው። እኛ ማኅበርተኞቹ ዝም ብለን ጠጥተናል።